በማዕበል ላይ መታጠፍ

ምንባብ

ፈረስን፣ በቅሎንና ግመልን መጋለብ በምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች ደግሞ እንስሳን ብቻ ሳይሆን ራሱን የባሕሩን ማዕበል ሲጋልቡ ኖረዋል። ይህ ስፖርት በዓለም ዘንድ ሰርፊንግ በመባል ይታወቃል፤ እኛም በዚህ ምንባብ የማዕበል ግልቢያ እንለዋለን። ጋላቢው ረዘም ባለና ለስላሳ በሆነ ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚገሠግሠው ማዕበል ላይ ይንሸራተታል። ሞተር የለውም፤ ሸራ የለውም፤ መቅዘፊያም በእጁ አይዝም። የሚነዳው የማዕበሉ ኃይል ብቻ ነው።

በሳንቃ ላይ ቆሞ መሄድ ቀላል ባይሆንም፣ ብዙ ሰዎች ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ ይችሉታል። ከዚያ ቀጥሎ ግን አንድ ትልቅ መሰናክል ይጠብቃቸዋል። ይኸውም መታጠፍ ነው። መታጠፍ የማያውቅ ጀማሪ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ማዕበሉም ከኋላው ይፈርስና አረፋው ይደርስበታል፤ ግልቢያው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያበቃል። የተካኑትን ጋላቢዎች አይቶ እንደ እነርሱ ሰውነቱን ለማጋደል ሲሞክር ደግሞ ሳንቃው ከእግሩ ሥር ይሸሻል፤ እርሱም በጎኑ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ስፖርቱን የሚተው ሰው ጥቂት አይደለም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። መታጠፍ እንደ ማንኛውም ሙያ ሥርዓትና ቅደም ተከተል አለው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በሚታጠፍበት ቅጽበት በሠራው ስሕተት ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ሳያዘጋጅ በቀረው ነገር ምክንያት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ማዕበሉን፣ ቀጥሎ ሳንቃውን፣ በመጨረሻም የጋላቢውን ሰውነት አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

1. ማዕበልና ክፍሎቹ

ማዕበል የሚወለደው ከነፋስ ነው። በሰፊው ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ነፋስ ለብዙ ሰዓታት ሲነፍስ የውኃውን ገጽ ያናውጣል። የዚህም ነውጥ ኃይል ነፋሱ ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን የሚጓዘው ኃይሉ እንጂ ውኃው አለመሆኑን ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ ማዕበል ሲያልፍበት ከፍና ዝቅ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ይዞራል እንጂ ከማዕበሉ ጋር አብሮ አይነጉድም።

ማዕበሉ ወደ ባሕር ዳር ሲቃረብ የውኃው ጥልቀት እየቀነሰ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የማዕበሉ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከፍታው ግን ይጨምራል። የውኃው ጥልቀት የማዕበሉን ከፍታ 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ማዕበሉ ራሱን መሸከም ይሳነዋል፤ አናቱም ወደ ፊት ይደፋና ይፈርሳል። ለምሳሌ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል፣ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር በሚሆን ውኃ ላይ ይፈርሳል ማለት ነው።

ለጋላቢ የሚመቸው ማዕበል ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የሚፈርስ አይደለም። የሚመቸው፣ ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ወደ ጎን ቀስ በቀስ እየፈረሰ የሚሄደው ነው። የዚህ ዓይነቱ ማዕበል የታችኛው ክፍል ግርጌ፣ የላይኛው ክፍል አናት ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ለስላሳና ቁልቁል የሆነ የውኃ ገጽ ግድግዳ ነው። የፈረሰው ነጭ ክፍል አረፋ ይባላል። ከአረፋው ርቆ፣ ገና ሳይፈርስ ያለው ለዘብ ያለ ተዳፋት ትከሻ ነው። ከሁሉ ይልቅ ብርቱ የሆነው ግን ከአረፋው አጠገብ ያለው፣ ለመፍረስ የተቃረበው ቁልቁለት ነው። ይህን የኃይል ቦታ እንለዋለን።

ጋላቢው ከኃይል ቦታው ወደ ኋላ ከቀረ አረፋው ይደርስበታል። ወደ ፊት ርቆ ትከሻው ላይ ከወጣ ደግሞ ተዳፋቱ ስለሚለዝብ ፍጥነቱን ያጣል፤ ማዕበሉም ትቶት ያልፋል። እንግዲህ ጋላቢ የሚታጠፈው ለተመልካች ውበት ለማሳየት ብቻ አይደለም። ዋናው ዓላማው ከኃይል ቦታው አለመራቅ ነው።

2. የሳንቃው ታሪክ

የማዕበል ግልቢያ በሃዋይ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። በዚያ መኳንንቱም ተራው ሕዝብም፣ ወንዶችም ሴቶችም ይጋልቡ ነበር። ኦሎ የተባለው በጣም ረዥም ሳንቃ የመኳንንቱ ነበር፤ አላያ የተባለው ቀጭንና አጠር ያለ ሳንቃ ግን የሁሉም ነበር። የእንግሊዙ መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1778 ወደ ሃዋይ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት እርሱ እዚያው ከሞተ በኋላ የበታች መኮንኑ ጄምስ ኪንግ ስለ ማዕበል ጋላቢዎቹ በመገረም ጽፎአል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከውጭ የገባ በሽታ የደሴቶቹን ሕዝብ ስለ ፈጀውና ጥንታዊው ልማድም ስለ ተናቀ ግልቢያው እጅግ ተዳክሞ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ እንደገና አንሠራራ። በዚህ ረገድ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው የሃዋይ ተወላጁ ዱክ ካሃናሞኩ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ ስፖርተኛ ሲሆን፣ በ1914 መጨረሻ ወደ አውስትራልያ ሄዶ በሲድኒ አቅራቢያ በፍሬሽዋተር የባሕር ዳርቻ ግልቢያን ለሕዝብ አሳይቶአል።

በዚያ ዘመን የነበሩት ሳንቃዎች ከወፍራም እንጨት የተሠሩና ከባድ ነበሩ። ከሥራቸውም ክንፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ጋላቢው አቅጣጫ መለወጥ ሲፈልግ አንድ እግሩን ከኋላ በውኃው ውስጥ ይጎትት ነበር። እግሩ እንደ መሪ ሆኖ ቢያገለግልም ፍጥነትን ይገታ ነበር። ጠበቅ አድርጎ ልታጠፍ ያለም እንደ ሆነ የሳንቃው ጅራት ወደ ጎን እየተንሸራተተ ያስቸግረው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1935 ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ከሳንቃው ጅራት ሥር አንድ ቀጥ ያለ ክንፍ ገጠመ። የክንፉ ሥራ የሳንቃው ጅራት ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ውኃውን ይዞ መቆየት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጋላቢው እግሩን መጎተት ትቶ በክብደቱ ብቻ እንዲታጠፍ በር የከፈተ ለውጥ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ በከባዱ እንጨት ፈንታ ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት፣ ቀጥሎም በፋይበር ግላስ የተለበጠ ፎም ሥራ ላይ ዋለ። ሳንቃውም በጣም ቀለለ።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ተደረገ። በዚያን ጊዜ ብዙ ጋላቢዎች ከሚደነቁባቸው ትርዒቶች ዋናው በሳንቃው የፊት ጫፍ ላይ ሄዶ መቆም ነበር። ወጣቱ አውስትራልያዊ ናት ያንግ ግን በቀጭን ሳንቃ ከኃይል ቦታው ሳይርቅ በብርቱ እየታጠፈ አሸነፈ። ከዚህ ውድድር በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የሳንቃ ርዝመት ከ3 ሜትር ገደማ ወደ 2 ሜትር ገደማ ወረደ። ሌላው አውስትራልያዊ ማርክ ሪቻርድስ ሁለት ክንፍ ባለው ሳንቃ እየጋለበ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሳይመን አንደርሰን ደግሞ ሦስት ክንፍ ያለው ሳንቃ ሠርቶ በ1981 በአውስትራልያ በቤልስ የባሕር ዳርቻ በተደረገው ውድድር በዚሁ ሳንቃ አሸነፈ። ዛሬ በብዙ ጋላቢዎች እጅ የሚገኘው አጭር ሳንቃ ይህን የሦስት ክንፍ አሠራር የተከተለ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ሳንቃው በየጊዜው የተሻሻለው ሰዎች መታጠፍ ስለ ፈለጉ ነው። ሆኖም ጥሩ ሳንቃ ብቻውን አይታጠፍም። እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

3. ሳንቃው የሚታጠፍበት ምክንያት

ብስክሌት የነዳ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በፍጥነት እየሄደ ሲታጠፍ ወደሚታጠፍበት ጎን ይጋደላል። ካልተጋደለ ወደ ውጭ ይወድቃል። በዝግታ እየሄደ አለቅጥ ቢጋደል ደግሞ ወደ ውስጥ ይወድቃል። በማዕበል ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጋላቢው ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ሲያደርግ የሳንቃው ጠርዝ በውኃው ውስጥ ይሰምጣል። የሳንቃው ሆድ ከፊትና ከኋላ ቀና ያለ፣ ጠርዙም የቀስት ቅርጽ ያለው ስለሆነ፣ በጠርዙ ሲሄድ በቀጥታ መሄዱን ትቶ ክብ መንገድ ይይዛል። ውኃው ሳንቃውን ወደ ክቡ መካከል ይገፋዋል፤ ክንፎቹም ጅራቱ እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ጋላቢውም ይህን ግፊት በመጋደል ይመክታል።

ምን ያህል መጋደል እንደሚገባ የሚወስነው ፍጥነቱና የክቡ ስፋት ነው። አንድ ጋላቢ በሴኮንድ 6 ሜትር እየሄደ፣ ሬዲየሱ 4 ሜትር በሆነ ክብ ላይ ይታጠፍ እንበል። ሚዛኑን ጠብቆ ለመቆየት ከቀጥታ አቋሙ ወደ 43 ዲግሪ ያህል መጋደል ይኖርበታል። በዚያው ክብ ላይ በሴኮንድ 3 ሜትር ብቻ የሚሄደው ግን የሚያስፈልገው 13 ዲግሪ ያህል ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ መጋደሉ በግማሽ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በበለጠ ይቀንሳል።

ይህ ስሌት የጀማሪውን አወዳደቅ ይገልጽልናል። ጀማሪው የተካነውን ጋላቢ ሲመለከት የሚታየው መጋደሉ ነው፤ ፍጥነቱን ግን ልብ አይለውም። ስለዚህ ፍጥነት ሳይኖረው እንደዚያኛው ይጋደላል። የሚመክተው ግፊት ስለሌለ በጎኑ ይወድቃል። እንግዲህ በመግቢያችን ላይ «ሳያዘጋጅ የቀረው ነገር» ያልነው ከሁሉ በፊት ፍጥነት ነው።

ፍጥነት ከየት ይገኛል? ከመውረድ ነው። ከኮረብታ የሚወርድ ድንጋይ ፍጥነት እንደሚጨምር ሁሉ፣ ከማዕበሉ አናት ወደ ግርጌው የሚወርድ ሳንቃም በመሬት ስበት ምክንያት ይፈጥናል። ከ2 ሜትር ከፍታ የወረደ አካል፣ ሰበቃን ከሒሳቡ ብንተው፣ በሴኮንድ ከ6 ሜትር በላይ ፍጥነት ያገኛል። ስለዚህ ከፍታ ማለት የተጠራቀመ ፍጥነት ነው። ጋላቢው ወርዶ ፍጥነት ያገኛል፤ በፍጥነቱ ይታጠፋል፤ በመታጠፉም ተመልሶ ወደ ከፍታው ይወጣል። ይህን ዑደት ሳያቋርጥ የሚደጋግም ሰው ማዕበሉ እስኪያልቅ ድረስ ሊጋልብ ይችላል።

4. ሦስቱ ዋና ዋና እጥፋቶች

ከማንኛውም እጥፋት በፊት አቋቋምን ማስተካከል ይገባል። ሁለቱ እግሮች ከትከሻ ስፋት በጥቂቱ ሰፋ ብለው ሳንቃውን አቋርጠው ይቆማሉ። የኋላው እግር ከክንፎቹ በላይ ይሆናል። ጉልበቶች ሸብረክ ይላሉ፤ ወገብ ግን ጎንበስ ማለት የለበትም። ጉልበት ሸብረክ ሲል ክብደት ዝቅ ይላል፤ ሚዛንም ይጸናል። ወገብ ብቻ ጎንበስ ሲል ግን ራስ ከሳንቃው ውጭ ይወጣና ሰውየውን ይዞት ይወድቃል።

ቀጥሎ የሰውነትን ቅደም ተከተል ማወቅ ያሻል። በመጀመሪያ ዓይን መሄድ የሚፈለግበትን ቦታ ይመለከታል። ዓይንን ራስ፣ ራስን ትከሻ፣ ትከሻን ዳሌ ይከተላል። እግርና ሳንቃው የሚዞሩት በመጨረሻ ነው። እግሩን እያየ የሚታጠፍ ሰው ይህን ሰንሰለት ከመነሻው ስለሚበጥሰው ሳንቃው አይታዘዘውም።

ሀ. የግርጌ እጥፋት። ይህ የእጥፋቶች ሁሉ መሠረት ነው። ጋላቢው ከአናት ወርዶ ግርጌ ሲደርስ ወደ ማዕበሉ ግድግዳ የሚመለስበት እጥፋት ነው። ወደ ታች ሲወርድ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል። ከግርጌው ሲደርስ ወደ ላይ፣ ሊደርስበት ወዳሰበው የማዕበሉ አናት ይመለከታል። ፊቱ ወደ ማዕበሉ ከሆነ ክብደቱን ወደ እግሩ ጣቶች፣ ጀርባው ወደ ማዕበሉ ከሆነ ወደ ተረከዙ ያደርጋል። ወደ ማዕበሉ በኩል ያለውን እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ውኃው ያስጠጋል። ሳንቃው መውጣት ሲጀምር ጉልበቱን ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ይህ መዘርጋት ሳንቃውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

በዚህ እጥፋት ዋናው ፈተና ጊዜን መምረጥ ነው። ገና በመንገድ ላይ ሳለ የሚታጠፍ ሰው ያልተጠራቀመ ፍጥነትን ሊጠቀም ስለሚሞክር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርስበታል። በጣም የሚዘገይ ደግሞ ከማዕበሉ ፊት ርቆ ጠፍጣፋው ውኃ ላይ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም እዚያ ይጠፋል።

ለ. የአናት እጥፋት። ጋላቢው በግርጌ እጥፋቱ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ወደ ታች የሚመለስበት ነው። አናት ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ራሱን አዙሮ ወደ ግርጌው ይመለከታል። ክብደቱን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ያሻግራል። ከዚያም በኋላው እግሩ ሳንቃውን ገፋ ያደርጋል። ከግርጌው ጥሩ አድርጎ ያልታጠፈ ሰው አናቱ ዘንድ የሚደርሰው ደክሞ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ቢገፋ ሳንቃው አይዞርለትም። ስለዚህ በአናት እጥፋት ላይ የሚታይ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚታረመው በግርጌው ነው።

ሐ. የመልስ እጥፋት። ጋላቢው ፈጥኖ ትከሻው ላይ ሲወጣ ወደ ኃይል ቦታው የሚመለስበት ነው። ፍጥነቱ ሳያልቅ ወደ ኋላው፣ ወደ አረፋው ይመለከታል፤ ትከሻውንም ወደዚያው አዙሮ በሰፊ ክብ ይታጠፋል። በጣም የተካኑት አረፋው ላይ ደርሰው እንደገና ወደ ፊት በመታጠፍ የስምንት ቁጥርን የመሰለ መንገድ ይሠራሉ። በዚህ እጥፋት የሚደረገው ስሕተት ክቡን በጉልበት ማጥበብ ነው። የኋላውን እግር ብቻ በድንገት የሚረግጥ ሰው ሳንቃው ጅራቱ ሰምጦ አፍንጫው ይነሣል፤ ይህም እንደ ፍሬን ሆኖ ያቆመዋል።

5. ልምምድ

የመታጠፍን ሙያ ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሥርዓት ቢከተል ይጠቀማል።

አንደኛ፣ በየብስ ይለማመድ። ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ለዘብ ባለ ተዳፋት ሲወርዱ ሰፋ አድርጎ መታጠፍ፣ ዓይንና ትከሻ መምራትን ያለ ውኃ ያስተምራል። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ማዕበል ይምረጥ። ከወገብ የማይበልጥ ማዕበል ፍርሃትን ይቀንሳል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ስለሚደርቅ ጉልበቱን ማጠፍ አይችልም። ሦስተኛ፣ ሰፋና ወፈር ያለ ሳንቃ ይያዝ። የተካኑት የሚይዙት አጭርና ቀጭን ሳንቃ ለጀማሪ ፍጥነት አይሰጠውም። አራተኛ፣ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያርም። ዛሬ ዓይኑን፣ ነገ ጉልበቱን፣ ከነገ ወዲያ የመታጠፊያውን ጊዜ ይመልከት። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማረም የሚሞክር አንዱንም አያርምም። አምስተኛ፣ ሌላ ሰው ከባሕር ዳር ሆኖ ፊልም ያንሳው። ጋላቢ የተጋደለ ሲመስለው ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱን ያጠፈ ሲመስለው ወገቡን ጎንበስ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሰው የራሱን ስሕተት በስሜቱ ብቻ አያውቀውም።

6. ጥንቃቄ

የታጠፈ ጋላቢ መንገዱን ይለውጣል፤ መንገዱን ሲለውጥ ደግሞ ሌላውን ሰው ሊገጭ ይችላል። ስለዚህ በማዕበል ጋላቢዎች ዘንድ የተከበረ ደንብ አለ። በአንድ ማዕበል ላይ ቅድሚያ ያለው ለኃይል ቦታው በጣም የቀረበው ጋላቢ ነው። ሌላው ወደዚያ ማዕበል መግባት የለበትም። ሳንቃውን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያያይዝ የእግር ገመድ ማሰርም ይገባል። ገመዱ ሳንቃው ተወርውሮ ሌላውን እንዳይመታ ያግዳል። ጋላቢው ሲወድቅ ራሱን በክንዶቹ ይሸፍን፤ ከሥሩ ዐለት ሊኖር ስለሚችልም በራሱ አይዝለል።

ወደ ባሕር የሚመልስ ብርቱ ፍሰት የያዘው ሰው ፍሰቱን ተቃውሞ ወደ ዳር ለመዋኘት አይታገል። በዚህ ዓይነት የሚታገል ዋናተኛ ይደክማል፤ ብዙዎችም የሰጠሙት እንደዚህ ነው። ይልቁንስ ከባሕር ዳሩ ጎን ለጎን ዋኝቶ ከፍሰቱ ከወጣ በኋላ ወደ ዳር ይመለስ። ዋና የማይችል ሰውም፣ ብቻውን የሆነም ሰው ለግልቢያ መውጣት የለበትም።

7. መደምደሚያ

የማዕበል ግልቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ስፖርቶች ጋር ተቆጠረ። በወንዶች የብራዚሉ ኢታሎ ፌሬይራ፣ በሴቶች የሃዋይ ተወላጅዋ ካሪሳ ሙር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። በእንዲህ ያለው ውድድር ዳኞች ለእያንዳንዱ ግልቢያ ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ የተወዳዳሪው ሁለት ምርጥ ግልቢያዎችም ይደመራሉ። ዳኞቹ ከሚመለከቷቸው ነገሮች ዋናዎቹ የእጥፋቶቹ ክብደት፣ ልዩ ልዩነትና እርስ በርሳቸው ያላቸው ትስስር፣ እንዲሁም የጋላቢው ፍጥነትና ኃይል ናቸው። አንዱ እጥፋት ለሚቀጥለው ፍጥነት ካላቀበለው፣ ብቻውን ያማረ እጥፋት ብዙ አያስገኝም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጀማሪ እንመለስ። በጎኑ የወደቀው ተሰጥዎ አጥቶ አልነበረም። የሌላውን መጋደል አይቶ፣ መጋደሉን የተሸከመውን ፍጥነት ስላላየ ነው። ይህን ከተረዳ በኋላ በሚቀጥለው ማዕበል ላይ አይቸኩልም። እስከ ግርጌው ይወርዳል፤ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ቀና ብሎ መድረሻውን ያያል፤ ያን ጊዜ በጥቂቱ ይጋደላል። ሳንቃው በሰፊ ክብ ዞሮ ወደ ግድግዳው ሲመለስ፣ አረፋው ከኋላው ይቀራል፤ ከፊቱም ያልፈረሰ ማዕበል ይዘረጋለታል። የመጀመሪያው እጥፋት ትንሽና ዝግ ያለ ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትልቁ እጥፋት የሚወለደው ከዚህ ትንሽ እጥፋት ነው። በማዕበል ላይም ሆነ በሌላ ሙያ፣ የሚታየውን ውጤት ከመኮረጅ በፊት የማይታየውን ዝግጅት መመርመር ብልህነት ነው።

መልመጃ

ሀ. የቃላት ፍች

መሰናክል — እንቅፋት፤ ወደ ፊት መሄድን የሚከለክል ነገር
መገሥገሥ — ሳይቆሙ በፍጥነት ወደ ፊት መሄድ
መነጉድ — ተከትሎ አብሮ መሄድ
ተዳፋት — ወደ አንድ ወገን ያዘቀዘቀ ቦታ
ማንሠራራት — ከድካም በኋላ እንደገና መበርታት
ሰበቃ — ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ እንቅስቃሴን የሚገታ ኃይል
ሸብረክ ማለት — ጉልበትን በጥቂቱ ማጠፍ
ቅጽበት — እጅግ አጭር ጊዜ

ለ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. በጥልቅ ባሕር ላይ የሚጓዘው ውኃው ነው ወይስ ኃይሉ? የቡሹን ምሳሌ በመጥቀስ አስረዱ።
2. ጋላቢ ከኃይል ቦታው ወደ ኋላ ሲቀርና ወደ ፊት ሲርቅ ምን ምን ይደርስበታል?
3. ክንፍ ከመገጠሙ በፊት ጋላቢዎች አቅጣጫ የሚለውጡት እንዴት ነበር? ጉዳቱስ ምን ነበር?
4. በዝግታ የሚሄድ ጀማሪ እንደ ተካነ ጋላቢ ሲጋደል የሚወድቀው ለምንድን ነው?
5. «በአናት እጥፋት ላይ የሚታይ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚታረመው በግርጌው ነው» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
6. ወደ ባሕር የሚመልስ ፍሰት የያዘው ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ሐ. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

መሰናክል፣ ተዳፋት፣ ቅጽበት፣ አንሠራራ፣ ሚዛን

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ ሙያ ምረጡ፤ ለምሳሌ ሽመና፣ ብስክሌት መንዳት ወይም እንጀራ መጋገር ሊሆን ይችላል። ጀማሪ በዚህ ሙያ ላይ የሚሠራውን አንድ የተለመደ ስሕተት፣ ምክንያቱንና ማረሚያውን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።